ውሸታሟ የዘይት መብራት

[ጠባብ ጋራዥ። ግድግዳው በዘይት ጠቁሯል። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተሯ ተነስቶ እያንቀጠቀጣት ቆማለች። ሊቁ መካኒክ ነው፤ ሊቁ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፣ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። አማች የእህቱ ባል ነው፤ መኪናዋም የእሱ ናት። ሊቁ ሰሞኑን ከፍቶ ሠርቶለት ነበር። አሁን ሁለቱም አንገታቸውን በሾፌሩ መስኮት አስገብተው በአንዲት መብራት ይጨቃጨቃሉ።]

ሊቁ፦ ቀይ አይደለም አልኩህ!

አማች፦ ቀይ ነው እንጂ።

ሊቁ፦ ብርቱካናማ ነው።

አማች፦ እህትህ እንኳን ከኋላ ወንበር ሆና አይታ “ቀይ በራ” አለችኝ።

ሊቁ፦ እህቴ መካኒክ ናት?

አማች፦ አይደለችም።

ሊቁ፦ በቃ። የመኪና ቀለም ሌላ፣ የቀሚስ ቀለም ሌላ።

አማች፦ እሺ፣ ብርቱካናማ ይሁን። ብርቱካናማ ሲሆን ምን ማለት ነው?

ሊቁ፦ ምንም ማለት አይደለም።

አማች፦ ቀይ ቢሆንስ ኖሮ?

ሊቁ፦ ሞተሩን ቶሎ አጥፋ ማለት ነው።

[አማች እጁን ሰዶ ሞተሩን ያጠፋዋል።]

ሊቁ፦ ምን አደረግህ?

አማች፦ ለማንኛውም ብዬ ነው።

ሊቁ፦ አንተን እንዲህ ወደኋላ ያስቀረህ ይሄ ለማንኛውም የምትለው ነገር ነው። [መልሶ ያስነሳዋል።]

አማች፦ ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ቸኩያለሁ። ዛሬ ከሰዓት አንዲት አሮጊት ይዤ ከተራራው ማዶ ካለው የዓይን ሆስፒታል መድረስ አለብኝ። ዓይናቸው ሊሠራላቸው ነው። ተራቸው ዛሬ ነው፤ ካመለጣቸው ሐኪሙ ይሄዳል፣ እሱ እስኪመለስ ደግሞ ዓይናቸው አይጠብቅም ተብሏል።

ሊቁ፦ ታዲያ ይዘሃቸው ሂዳ! ማን ያዘህ?

አማች፦ መብራቷ ናታ።

ሊቁ፦ የመብራት ሥራዋ ምንድን ነው?

አማች፦ መብራት።

ሊቁ፦ እየሠራች ነዋ! ሰው ሁሉ አልበራ አለኝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ አንተ በራልኝ ብለህ አቤቱታ ታቀርባለህ።

አማች፦ የዘይት ምልክት አለባት እኮ። ከመሥራትህ በፊት አትበራም ነበር።

ሊቁ፦ [የዘይት መለኪያ ዘንጓን ይመዛል፤ በሱሪው ይጠርጋታል፤ ከትቶ መልሶ ያወጣታል።] ና እይ። ዘይቱ እስከ አፍንጫው ሞልቷል።

አማች፦ ከሞላ ምን ያስጮኻታል?

ሊቁ፦ መሙላት ሌላ፣ ግፊት ሌላ። ቆይ፣ ባንተ ልክ ላስረዳህ። ቤትህ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር አለ?

አማች፦ አለ።

ሊቁ፦ ታንከሩ ሞልቷል፣ ቧንቧውን ስትከፍተው ግን ጠብ አይልም እንበል።

አማች፦ ኧረ ይላል።

ሊቁ፦ እንበል ነው ያልኩህ!

አማች፦ እሺ፣ እንበል።

ሊቁ፦ ታንከሩ ሞልቶ ቧንቧው ከደረቀ ግፊት የለም ማለት ነው። ዘይትም እንደዚያ ነው። ታች ኮፓው ውስጥ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ማለቴ ነው፣ ተኝቶ ይውላል። ፓምፑ ስቦ ላይ ወዳሉት ብረቶች ካልገፋው ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ሞተር ይቃጠላል። ገባህ?

አማች፦ ገባኝ። የኔ መኪና ቧንቧዋ ደርቋል።

ሊቁ፦ ማን አለህ?

አማች፦ አንተ ነሃ።

ሊቁ፦ እኔ ስለ ታንከርህ ነው ያወራሁት!

አማች፦ ታንከሬማ ደህና ነው። ጠዋት ገላዬን ታጥቤበታለሁ።

[ከሞተሩ ውስጥ ጣክ ጣክ ጣክ የሚል ድምፅ ይሰማል።]

አማች፦ ይሄስ?

ሊቁ፦ የቱ?

አማች፦ ጣክ ጣክ የሚለው።

ሊቁ፦ [ማፏጨት ይጀምራል።] እኔ ምንም አይሰማኝም።

አማች፦ እያፏጨህ እንዴት ይሰማሃል?

ሊቁ፦ ሞተሩ ተነካክቷል አይደል? ብረቶቹ ገና ቦታቸውን እየለመዱ ነው። እየተዋወቁ ነው በለው።

አማች፦ በዱላ ነው እንዴ የሚተዋወቁት?

ሊቁ፦ አንተና እህቴ እንደተጋባችሁ ሰሞን አትጨቃጨቁም ነበር?

አማች፦ አሁንም እንጨቃጨቃለን።

ሊቁ፦ ግን ትዳራችሁ ቆሟል?

አማች፦ አልቆመም። የምንጨቃጨቀው ግን በዚህች መብራት ነው።

ሊቁ፦ ምቀኛ ነህ አንተ! መጀመሪያ ምን ብለህ ነበር ያመጣሃት?

አማች፦ ከታች ዘይት ታንጠባጥባለች ብዬ።

ሊቁ፦ አሁንስ? መሬቱን እይ! ወደ ታች ጠብ ትላለች?

አማች፦ አትልም። ወደ ላይም ጠብ አላለችም ነው የምልህ።

ሊቁ፦ ወደ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የት አይተህ ታውቃለህ!

አማች፦ እሺ ይቅር። ማንጠባጠቡን ግን ምን አድርገህ አስቆምከው?

ሊቁ፦ [ደረቱን ነፍቶ] እሱን ጠይቀኝ። ኮፓውን አወረድኩት፣ ጠርዙን ዙሪያውን ሲልከን ቀባሁት፣ መልሼ አሰርኩት። ሲልከን ያ ሲደርቅ እንደ ማስቲካ የሚሆነው ማጣበቂያ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች እንደ ክር አቅጥነው ነው የሚቀቡት፣ ስስታሞች! እኔ ለዘመድ ስስት አላውቅም። ቱቦውን ሙሉ አራገፍኩልህ።

አማች፦ እግዜር ይስጥልኝ። [ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል።] ተርፎ በውጭ በኩል ተንጠልጥሏል።

ሊቁ፦ ጥራት ማለት እሱ ነው።

አማች፦ በውስጥ በኩልስ ተርፏል?

ሊቁ፦ ብሎኑ ሲጠብቅ በሁለቱም በኩል ይወጣል፤ የታወቀ ነው።

አማች፦ የውጩስ ይኸው ተንጠልጥሏል። የውስጡ ተቆርጦ ሲወድቅ የት ይሄዳል?

ሊቁ፦ የት ይሄዳል! ዘይቱ ውስጥ ነዋ።

አማች፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያማ ፓምፑ ዘይት ሲስብ እየተሳበ ሄዶ ማጣሪያው አፍ ላይ... [ድንገት ያቋርጣል።] አንተ ምን አጠያየቀህ?

አማች፦ አላውቅማ።

ሊቁ፦ የማያውቅ ሰው ዝም ነው የሚለው!

አማች፦ ማጣሪያው አፍ ላይ ምን ይሆናል?

ሊቁ፦ ያርፋል።

አማች፦ ደክሞት?

ሊቁ፦ አዎ ደክሞት! ምን አገባህ?

አማች፦ አንዴ ከፍተህ ብታየውስ?

ሊቁ፦ ልክፈተው? ሊቁ የሠራውን ደግሞ ከፈተ እንዲባል? እኔ በሕይወቴ የሠራሁትን መልሼ ከፍቼ አላውቅም። ከዚህ ግቢ ሄዶ ተመልሶ የመጣ መኪና አንድም የለም!

አማች፦ ተጎትቶም?

ሊቁ፦ አፍህን ሰብስብ!

አማች፦ ግፊቱን የሚለካ ጌጅ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር። እሱን እንኳን ብትሰካባት።

ሊቁ፦ ጌጅ ጆሮ ለሌለው ሰው ነው። እኔ በጆሮዬ ነው የምለካው።

አማች፦ ጣክ ጣኩን ግን አልሰማኸውም።

ሊቁ፦ [ብስጭት ብሎ ኮፈኑ ሥር ይገባል።] ቆይ! ቆይ! አገኘሁት! [ከሞተሩ ጎን አንዲት ቀጭን ሽቦ ይነቅላል።] እስቲ አሁን ውስጥ ግባና እያት።

አማች፦ ጠፋች!

ሊቁ፦ ዳነች በል!

አማች፦ ምን አደረግህላት?

ሊቁ፦ ወሬኛዋን ነቀልኳት። ከሞተሩ ወደ መብራቷ ነገር የምታመላልሰው ይህቺ ሽቦ ነበረች። ውሸታም!

አማች፦ አሁን ዘይቱ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል?

ሊቁ፦ መብራቷ ጠፍታለች ወይስ አልጠፋችም?

አማች፦ ጠፍታለች።

ሊቁ፦ በቃ!

አማች፦ ባለፈው ትኩሳት ሲይዘኝ ነርሷ ቴርሞሜትር አፌ ውስጥ ከተተችብኝ። ያኔውኑ ባወጣው ኖሮ እድን ነበር ማለት ነው?

ሊቁ፦ አንተ መድኃኒት የለህም። በል፣ ግባና ሂድ። ብቻ ነዳጁን አጥብቀህ አትርገጥ።

አማች፦ እሺ።

ሊቁ፦ ዳገትም አታብዛ።

አማች፦ ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው እኮ።

ሊቁ፦ በዳር በዳሩ ውጣዋ! መንገድ ላይ ደግሞ እንዳታጠፋት።

አማች፦ ለምን?

ሊቁ፦ ላትነሳ ትችላለች።

አማች፦ ጤነኛ ናት አላልከኝም?

ሊቁ፦ ጤነኛ ሰው አይተኛም? እንቅልፍ ሊወስዳት ይችላል ነው ያልኩህ።

አማች፦ ዳገቱ መሀል እንቅልፍ ቢወስዳት አሮጊቷን ምን ላድርጋቸው?

ሊቁ፦ ይውረዱና ንጹሕ አየር ይቀበሉ።

አማች፦ አያዩም እኮ። የጭነት መኪና የሚከንፍበት መንገድ ነው።

ሊቁ፦ ድንጋይ ፈልገህ አስቀምጣቸው።

አማች፦ ተራቸው ያልፋል። ዓይናቸው ጠፍቶ ይቀራል።

ሊቁ፦ እንዴ! በዚህ ዕድሜያቸው ከእንግዲህ ምን ሊያዩ ነው? የሚታየውን አይተው ጨርሰዋል። ለአንዲት አሮጊት ብለህ የኔን ስም በአደባባይ ታስነሳለህ?

[አማች መሬት መሬት ያያል።]

አማች፦ እሺ። ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቤት በር ላይ ተቀምጠዋል። ልሂድ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ዳገቱን ታልፋለች?

ሊቁ፦ እንደ ወፍ ነው የምትወጣው!

አማች፦ እርግጠኛ ነህ?

ሊቁ፦ እናቴ ትሙት!

አማች፦ ተው፣ በእሳቸው አትማል።

ሊቁ፦ ለምን አልምልም?

አማች፦ የምወስዳቸው እሳቸውን ነዋ።

ሊቁ፦ ማንን?

አማች፦ እናትህን።

ሊቁ፦ እማዬን? እማዬ ዓይኗን መቼ ታመመች?

አማች፦ ከከረመ። ደውለውልህ ነበር፤ ሞተር ሥር ነኝ ብለህ ዘጋህባቸው። ከዚያ ወዲያ “ልጄ ሥራ በዝቶበታል፣ አትንገሩት” አሉን። [ወደ መኪናው ገብቶ በሩን ይዘጋል።] በል ደህና ዋል።

ሊቁ፦ [ዘሎ በሩን ይይዘዋል።] ቁም! አጥፋት! አጥፋት እልሃለሁ! እማዬን በዚህች? አብደሃል እንዴ? ግማሽ ዳገት ሳትደርስ ሞተሩ ተፋትጎ ይጣበቃል! ፍሬኑ ይከብድብሃል፣ ወደኋላ ትንሸራተታለህ! ሲልከኑ የማጣሪያውን አፍ ደፍኖታል፣ ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቷል! ገና ከበሩ ስትገባ ድምፁን ሰምቼ ነው ያወቅሁት!

አማች፦ ገና ከበሩ ስገባ?

ሊቁ፦ ገና ከበሩ ስትገባ! ደደብ መሰልኩህ እንዴ?

[አማች ሞተሩን ያጠፋል። ሊቁ ከአፉ የወጣውን ዘግይቶ ይሰማዋል።]

አማች፦ እኔም አውቄ ነው የመጣሁት።

ሊቁ፦ ምኑን?

አማች፦ ሁሉንም። ትናንት ከእህትህ ጋር ሌላ ጋራዥ ወስደናት ጌጅ ሰክተውባት ነበር፤ መርፌዋ ከተኛችበት ንቅንቅ አላለችም። የሲልከኑንም ነገር የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ሊቁ፦ [ደሙ ፈልቶ] የትኛው ጋራዥ ነው? የኔን ሥራ የሚያጣጥል እሱ ማን ስለሆነ ነው?

አማች፦ እኔም አላውቃቸውም ነበር። ያንተ መኪና እዚያ ቆማ ዘይት ሲቀየርላት አይቼ ነው የገባሁት።

ሊቁ፦ እሷማ... እሷማ ጊዜ ስለማጣ ነው።

አማች፦ አመስግነውሃል። “ጠንቃቃ ደንበኛችን ነው፤ ሲልከን እንዳታበዙብኝ እያለ ሥራው እስኪያልቅ አጠገባችን ይቆማል” አሉኝ።

[ሊቁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ያጣል፤ የራሱን እጅ ይጠርጋል።]

ሊቁ፦ ሁሉን ካወቅህ ታዲያ ምን ብለህ ስታደርቀኝ ቆየህ?

አማች፦ በእህትህ ምክንያት ነው። ጌጁን ካየች ወዲህ “ወንድሜ እያወቀ ነው የሰጠን” ብላ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ተሟገትኩልህ። ኧረ ሳያውቅ ነው፣ ሊቅ ነኝ ይላል እንጂ ምንም አያውቅም፣ ቢያውቅማ አያደርገውም አልኳት። ሄጄ አጣርቼ እነግርሻለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። እውነቴን ነው የምልህ፣ ደደብ እንድትሆንልኝ እየለመንኩ ነው የገባሁት። [እጁን ይዘረጋል።] የመኪናህን ቁልፍ ስጠኝ።

[ሊቁ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። አማች ወደ በሩ ይራመዳል፤ ደርሶ ዞር ይላል።]

አማች፦ እንግዲህ አሁን እህትህ ትጠይቀኛለች። እማማም አብረውን ናቸው፤ ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። ምን ልበላት?

[ሊቁ የነቀላትን ሽቦ መልሶ ሊሰካ ይሞክራል።]

አማች፦ ያውቅ ነበር ልበላት?

ሊቁ፦ [እየሮጠ ይከተለዋል።] አያውቅም በላት! እማዬ እየሰማች አያውቅም በላት! ምንም የማያውቅ ደደብ ነው በላት፣ በእናትህ!