በሌላ ቋንቋስ?

በየቤቱ አንድ ስጋት አከፋፋይ አይጠፋም። ደስታ ሲመጣ ቀድሞ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። በእኛ ቤት ሹመቱን የያዙት አጎታችን ናቸው፤ ሙሉ ማዕረጋቸው "ክቡር በሌላ ቋንቋስ"። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ከየአገሩ ሰው ቃል ሲለቅሙ ኖሩ፤ አሁን የለቀሙትን እኛ ላይ ያራግፉታል። ለውሻችን ስም ልናወጣ ስንል "በሌላ ቋንቋስ?" ሲሉ ሲሉ ውሻው ያለ ስም አረጀ። እስከ ዛሬ የምንጠራው በፉጨት ነው።

በውሻው ስቄያለሁ። በእህቴ ግን መሳቅ አቃተኝ። የልብስ ስፌት ቤቷ ነገ ጠዋት ይከፈታል፤ ታፔላው ባዶ ነው። ታፔላ ጻፊው መሰላል ላይ ሆኖ "ወይ ንገሩኝ ወይ ልሂድ" ይላል። እህቴ ጥፍሯን ትበላለች።

"ሱሪ በሉት" አልኩ፤ ዋና ሥራዋ እሱ ነው።

"በሌላ ቋንቋስ? በጃፓንኛ እኮ ሱሪ ኪስ አውላቂ ነው! ማን ደፍሮ ይገባል?"

"እሺ፣ ካባ" አለች እህቴ።

"በቱርክኛ ስድ ማለት ነው።"

"ሳባስ?"

"በስዋሂሊ ሰባት። ስድስቱ የት ሄዱ ይሉሻል።"

"ኧረ ጋሼ! እዚህ ሰፈር ጃፓናዊ አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

"አንዱ መጥቶ አንብቦ ቢስቅባትስ? እኔ የሷን እንባ አልችልም!"

ታፔላ ጻፊው መውረድ ጀመረ። እህቴ መሰላሉን ግጥም አድርጋ ያዘች። "ማማ ብለህ ጻፍ!"

"ማማ?" አጎታችን ክው አሉ። "እሱማ ሰብል የሚጠበቅበት ቆጥ ነው።"

"አዎ።"

"በስንቱ ቋንቋ ደግሞ እናት ነው።"

"አዎ።"

"በጆርጂያኛ ግን አባት ነው! ሰው ይምታታበታል፣ ልጄ!"

"አይምታታበትም" አለች እህቴ። "እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ማነው ያሳደገን? ማነው እንቅልፍ አጥቶ የጠበቀን? ሦስቱንም የሆኑልን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

አጎታችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ፤ እንደገና አወለቁ። እኔም ዞር ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ። ምን ላድርግ፣ እወዳቸዋለሁ።

ታፔላ ጻፊው ተመልሶ ወጣ። ብሩሹን ከማንሳቱ ከታች የአጎታችን ጩኸት ተሰማ።

"ቆይ፣ ቆይ! ከጫፉ ጀምር! ከፊቱ ቦታ እንዳትተው!"

"ለምን፣ አባቴ?"

"አንዱ ባለጌ መጥቶ 'ጠ' ቢጨምርበትስ? ጠማማ ልብስ ስፌት ሊባል ነው እኮ!"

ይሄኛው በራሳችን ቋንቋ ስለሆነ የተከራከረ የለም። ዛሬም ጽሑፉ ግራ ጫፍ ላይ ተለጥፎ፣ የታፔላው ግማሽ ባዶውን ይታያል።