በሑዳዴ የተሰጣ አንጀት

በገና ሲደረደር ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማይ ቤትን ያስባል። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ከበግ ሆድ ነው። አንጀቱ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ እርጥብ እንዳለ ተገምዶ ሲደርቅ አውታር ይሆናል። ዛሬ ዛሬ ናይለን የሚገጥሙ አሉ። ይግጠሙ። እኔ አባቴ እንዳሳየኝ ነው የምሠራው፤ ለዚህም ነው የደከመኝ።

ሶዶ ውስጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ከርሞ፣ በገና ትዝ የሚለው ሑዳዴ ሲገባ ነው። ዘንድሮም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ለደብረ ዘይት በዓል በገና አድርስልን ብለው መጡ። ለመሆኑ በሑዳዴ በግ የሚያርድ ኦርቶዶክስ ከየት ይገኛል? ደግነቱ ጎረቤቴ አቶ ዳና ፕሮቴስታንት ነው። እንግዳ መጥቶበት በግ ሲያርድ አንጀቱን ለምኜ በላስቲክ አንጠልጥዬ ወጣሁ። አንጀት ብቻ ይዞ የሚሄድ ጎረቤት አሳዝኖት ነው መሰል፣ ጉበቱንም ውሰድ እንጂ እያለ እስከ መንገዱ ተከተለኝ። ወሬ የማያድርባቸው እትዬ ብርቄ ከቅዳሴ ሲመለሱ የደረሱት ይሄኔ ነው።

ከዚያ ወዲያማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ቀን አንጀት የነበረው ማታ ዱለት ሆኖ አደረ። በማግስቱ ደግሞ፣ በሰው አፍ፣ ጉበቱን በሚጥሚጣ ጨርሼዋለሁ። ክርስትና በተነሣሁበት ደብር ደጅ ላይ ሰው ፊቱን አዞረብኝ፤ ይህ በጣም አመመኝ።

የንስሐ አባቴም መጡ። የበልጉ ደመና ከዳሞታ ተራራ እየወረደ አላደርቅ ያለኝን አንጀት፣ በሁለት እንጨት መካከል እንደተወጠረ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱትና፣ ልጄ፣ ለአውታር ከሆነ እሰየው፣ ግን ጉበቱ ለየትኛው አውታር ነው አሉኝ። አልወሰድኩም ብል ማን ይስማኝ?

እንግዲህ ምስክሬ በገናው ነው ብዬ እጄ እስኪላጥ ሠራሁ። ድምፁን ሲሰሙ አንጀቱን ለምን እንደፈለግሁት ይገባቸዋል፣ ስሜም ይመለሳል አልኩ። ለደብረ ዘይት ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ገብተን፣ ራስህ ደርድርልን አሉኝ። ያንን ሁሉ ሐሜት እያሰብኩ ደረደርኩ። ሰው አለቀሰ። እትዬ ብርቄማ ነጠላቸው እስኪርስ አነቡ። በሆዴ፣ በቃ ነጻ ወጣሁ አልኩ።

ስወጣ እትዬ ብርቄ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። እንዲህ ከልቡ የተጸጸተ ሰው አይቼ አላውቅም፣ በል እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ አሉኝ።

ደክሞኝ ስለነበር አሜን አልኩ።