በሰማይ ዳር የተከልኋቸው ኮከቦች

ሰው ሲጠነቀቅ ይስቁበታል። አይገርማችሁም? እኔ በሬን ቆልፌ ጥቂት እንደሄድሁ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ "ቁልፉ እንኳ ታዝቦዎታል" ትለኛለች። ይታዘበኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የጠፋ ኮከብ አፈላልጌ የተገኘልኝ ሰው ስለሆንሁ ነው። አዎ፣ ኮከብ። ደግሞ በዚሁ በፍኖተ ሰላም፣ ከቤቴ ሳልወጣ።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ በሚባልበት ጊዜ ነው። ልጄ የሻረግ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። ምን ትማሪያለሽ ሲሏት፣ ስለ ኮከብ ትላለች። የእኛ ሰው ደግሞ ኮከብ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። የጎረቤቴ የአያ ካሴ ሚስት የራሷንና የእናቷን ስም ይዛ መጣች፤ ይታይልኝ ብላ። የሻረግ እንዲያ ያለውን እንደማታውቅ ብትነግራት፣ ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሩሽ ኖሩ ብላ አዝናላት ተመለሰች።

የልጄ ሥራ ሌላ ነው። በትልቅ የሩቅ ማሳያ መነጽር ያነሡትን የሰማይ ፎቶ በኮምፒውተሯ ይዛለች። ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ፍንጣቂ ያለበት። አንድ ፕሮግራም አለ፤ ፎቶውን አይቶ ኮከቡን ኮከብ ካልሆነው እየለየ ይለቅማል። እኔ ለቃሚው እለዋለሁ። ችግሩ፣ ለቃሚው ያጎድላል። ከዚያው ከሰማዩ ክፍል ሌሎች ሊቃውንት ያገኟቸውን ኮከቦች የእሷ ለቃሚ አያገኛቸውም። የሚለይበትን ወንፊት ብታሰፋው የፎቶው እብቅ ሁሉ እኔም ኮከብ ነኝ እያለ ይገባል። ብታጠበው ደግሞ ደብዘዝ ያለው ምስኪን ኮከብ ይቀራል።

መምህሯ ቁርጡን ነግሯታል። ከፋሲካ በኋላ ስትመለስ ለቃሚው ካልተስተካከለ፣ ይህን ጥናት ትታ ሌላ ትጀምራለች። ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ ለበዓሉ ስትመጣ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ዶሮው ቀረበ፤ አልበላ አላት። ልጄ ሳትበላ እኔስ እንዴት ይወርድልኛል? ጥሩወርቅ ሁለታችንን እያየች፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ የጾምነው ለዚህ ነው ወይ አለች።

አያ ካሴ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ ነገሩን ሰማ። "ኮከቦቹን አንድ ለአምስት አደራጂያቸው፤ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ያጋልጡታል" አላት። በዚያ በዓል የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ "አባባ፣ እስቲ አንድ ነገር ያግዙኝ" አለችኝ። ዘዴው እንዲህ ነው። ፎቶው ላይ የውሸት ኮከቦች ይተከላሉ። ለቃሚው ካገኛቸው ዐይን አለው፤ ካላገኛቸው ዐይኑ ታሟል። ራሷ ብትተክላቸው እጇ ወደሚመቻት ቦታ እንዳያደላ ፈራች። "ደስ ባለዎት ቦታ ይትከሉ፤ እኔ አላይም" ብላኝ ወጣች።

ደስ ባለዎት ቦታ። እንደኔ ላለ ሰው ይኸን ይሉታል? በመጀመሪያ፣ እግዜር በሠራው ሰማይ ላይ ኮከብ መጨመር ደግ ነው ወይ ብዬ ተጨነቅሁ። ጥሩወርቅ፣ "ፎቶው ላይ እኮ ነው። ፎቶ ቤት መጨማደድዎን ሲያጠፉልዎ መች ተቃወሙ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ተቀመጥሁ። ማውስ የሚሏትን ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ቀስ ብዬ ያዝኋት። ጠቅ ሲያደርጓት አንድ ኮከብ ትወለዳለች። እያሰብሁ፣ እየለካሁ፣ እያማተብሁ ተከልሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቁርስ በልቼ የተቀመጥሁ ለምሳ ተጠርቼ ተነሣሁ።

የሻረግ ለቃሚውን አስነሣችው። ከተከልኋቸው አንድም አላገኘ። ወንፊቱን አሰፋች፤ እብቁ ጎረፈ፣ የእኔ ተክሎች ግን የሉም። አጠበበች፤ ባሰ። "ዕውር ነው አባባ። ከእንግዲህ ምን ይዤ እመለሳለሁ?" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ጥፋቱ የማውስ አያያዜ ነው ብዬ ማውሷን ቀስ አድርጌ ከአጠገቤ አራቅኋት።

ቆይታ፣ "የት የት ነው የተከሉት?" አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ዙሪያውን፣ በአራቱም ወሰን። መሃሉን አልነካሁም። "ምነው ሁሉንም ዳር ዳሩን?"

"ማሳ መሃል ዛፍ ይተከላል እንዴ?" አልኋት። ከዚህ እስከ ቡሬ ድረስ ሂዱ፤ በርበሬው መሃል ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ካገኛችሁ እኔ ውሸታም ልባል። ጥላው ያቀጭጫል፤ ሥሩ ውኃውን ይጠጣል። በፎቶው መሃል የእግዜር ኮከቦች አሉ፤ በእነሱ ላይ ጥላ ልጣል? ደግሞ ጫፉ ላይም አልተከልሁም። ጫፍ ላይ የተከለ ከጎረቤት ይካሰሳል። ገባ አድርጌ ነው።

ጥሩወርቅ ከጓዳ፣ "ሰማይ ላይም ድንበርተኛ ፈሩ" ብላ ሳቀች። የሻረግ ግን አልሳቀችም።

"ገባ አድርገው?"

"ገባ አድርጌ።"

"ገባ ካደረጉትማ ሊያያቸው ይገባ ነበር።"

ከዚያ የለቃሚውን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች ትመረምር ጀመር። ለካ ከእሷ በፊት ሌላ ተማሪ ይሠራበት ኖሯል። የዚያ ልጅ ፎቶዎች ትልልቅ፣ ጠርዛቸውም የተበላሸ ነበር። ስለዚህ ለቃሚውን፣ ከዳር ይህን ያህል ተው፣ አትመልከት ብሎ አዝዞታል። ልጁ ተመረቀና ሄደ፤ ትእዛዙ ቀረ። የእሷ ፎቶዎች ደግሞ ትንንሽ ናቸው። ለሰፊ ማሳ የተተወው ዳር የጓሮዋን ግማሽ በልቶባት ኖሯል። ወንፊቱ ምን አደረገ? እህሉ መቼ ወንፊቱ ላይ ወጣና።

ዳሩን የሚያስተወውን ቁጥር ዝቅ አደረገችና አስነሣችው። የእኔ ተክሎች እየተከበቡ ብቅ ብቅ አሉ። የእኔን አጥፍታ ባልተነካው ፎቶ ብትሞክረው፣ ሊቃውንቱ አሉ ያሏቸው ኮከቦች ዳር ዳሩን ተሰልፈው ተገኙ። ጥሩወርቅ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰፈሩ፣ ማን ወለደች እያለ በሩን ሞላው። አያ ካሴ ዱላውን እንደያዘ ደርሶ፣ ምን ተገኘ አለ። ኮከብ አልነው። "የጠፋው የማን ነበር?" አለ። "የልጄ" አልሁት፣ ደረቴን ነፍቼ። ዶሮው እንደገና ሞቀ። ያን ቀን የበላሁትን መቼም አልረሳው።

የሻረግ ከባሕር ዳር ደወለች። መምህሯ ሥራውን አይቶ ጥናትሽን ቀጥዪ ብሏታል። ግን ገርሞት፣ ሰው የሙከራ ኮከብ በየቦታው ይበትናል፤ ዳሩን ብቻ መፈተን እንዴት መጣልሽ አላት። አባቴ ናቸው አለችው። መምህሩም ራሱን ነቅንቆ፣ የአባቶች ጥበብ ይሉሃል ይኸ ነው አለ አሉ። እሷም አላስተባበለች፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

በእኛ መካከል ይቅርና፣ ጥበብ አልነበረም፤ ፎቶን እንደ ማሳ ቆጥሮ ዳር ዳሩን መትከል ጥርት ያለ ስሕተት ነው። ነገር ግን ስሕተትም ወግ አለው። ግዴለሽ ሰው ሲሳሳት በየቦታው ይበትነዋል፤ ማን ይለቅምለታል? ጠንቃቃ ሰው ሲሳሳት በመስመር፣ በልክ፣ ለሚፈልገው እንዲመች አድርጎ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ጥንቃቄ አስተምሯቸው። እንዳይሳሳቱ አይደለም፤ ሲሳሳቱ እንዲያምርባቸው።