የይርገዱ ነጠላና የፊልሙ መብት

ሥልጣኔ ወረታ ከተማ የገባው በአስፋልቱ ነው የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። የገባው በአቶ አምባው ቦርሳ ነው። አቶ አምባው፣ ለክብሩ ስንል ስሙን በማንጠራው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናቸው። ባሕር ዳር ሄደው ስለ ቅጂ መብት ሁለት ቀን ሠለጠኑ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አሸልበው ነበር ብለው የሚያወሩ ክፉ ሰዎች አልጠፉም፤ ምስክር ወረቀታቸው ላይ ግን አሸለቡ የሚል ቃል የለም።

ከተመለሱ በኋላ በገዛ ቤታቸው የቆየ ሕገ ወጥነት አገኙ። ሚስታቸው ይርገዱ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልም ሲያይ፣ ተዋንያኑ ከንፈር ለከንፈር መቀራረብ ሲጀምሩ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሙዚቃው ሲበርድ ታነሣዋለች። አቶ አምባው ይህን አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ይርገዱ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን አደረግሁ? ልጆቹ አሉ እኮ።"

"የሰው የፈጠራ ሥራ እየቆረጥሽ ነው! ደራሲው ይሳሳሙ ብሏል። አይሳሳሙም የምትይ አንቺ ማነሽ?"

"ኧረ ይሳሳሙ! ከነጠላው ሥር ማን ከለከላቸው?"

ይህ ለሕግ አዋቂ የሚመጥን መልስ አልነበረም። አቶ አምባው ነገሩን በጽሑፍ ያዙት። ለሚስታቸው ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ሰጡ፤ ጉዳዩ፦ በቤት ውስጥ የሚፈጸመውን ሕገ ወጥ የፊልም ሽፈና ስለማስቆም። በነጠላ መሸፈን፣ ድምፅ መቀነስ፣ በሪሞት ማሳለፍ፣ ሁሉም ተከለከለ። ይርገዱ እንደቆመች አነበበችው።

"ዓይኔን ብጨፍንስ?"

አቶ አምባው ደብዳቤውን መልሰው አዩ። "ዓይንን በተመለከተ መመሪያው ግልጽ አይደለም። የበላይ አካል ጠይቄ አሳውቅሻለሁ።"

እሑድ ከሰዓት የይርገዱ አባት ቄስ ደረሰ ከገጠር፣ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። የሚያማቸውን ጉልበት ሊታጠቡ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲወርዱ ልጃቸው ዘንድ ማረፍ ልማዳቸው ነው። ፊልምም ይወዳሉ፤ በተለይ ባላገሩ ከተሜውን የሚረታበትን። ይርገዱ ግን ባሏን ወደ ጓዳ ሳበችው። በአባቷ ፊት መሳሳም!

"ዛሬን ብቻ ተወኝ፤ አባቴ እኮ ናቸው" አለች በሹክሹክታ።

"ሕግ ዘመድ የለውም" አሉ አቶ አምባው።

ፊልሙ ተከፈተ፤ መሳሙም አልቀረም፣ መጣ። የይርገዱ እጅ ወደ ነጠላዋ ሲሄድ አቶ አምባው ብድግ ብለው ሮጡ፤ ጥበብን ከጥቃት ሊከላከሉ እጃቸውን ዘርግተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። አቶ አምባው ደግሞ እግዜር ሳይሰስት የፈጠራቸው ሰው ናቸው። ነጠላው ስስ ስለሆነ ጥላ ቢጤ ያሳይ ነበር፤ የአቶ አምባው ሆድ ግን ምንም አላሳየም።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?" አሉ ቄስ ደረሰ።

"ይህን ሥራ ማንም እንዳይነካው የባለቤቱን መብት እያስከበርሁ ነው፣ አባ።"

"ደግ አደረግህ። ከባለቤቱ ገዝተኸው ነው?"

"አይ... ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጬው ነው። ሁሉም ይገለብጣል።"

"ባለቤቱ ያውቃል?"

"ባለቤቱማ አዲስ አበባ ነው አባ። ሩቅ ነው።"

ቄሱ አማቻቸውን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው። "እንግዲያ የሰው በሬ ነድተህ አምጥተህ ነዋ ልጄን ቀንዱን ነካሽ ብለህ የምትቆጣት!"

አቶ አምባው የተማሩ ሰው ናቸው፤ አልደነገጡም። "ክልክል ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ላይ ይጻፍ ነበር" አሉ።

ይርገዱ ሪሞቱን አነሣችና ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። በጥቁሩ መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፦ "ይህን ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል።"

"ይህችን አንብበናት አናውቅም፣ አባዬ" አለች። "በመጣች ቁጥር አምባው በሪሞት ያሳልፋታል።"