ሥራ ሲበዛበት የሚፈጥነው ኮምፒውተሬ

ዕቃ ሲያረጅ ሰው ሁለት ነው፤ አንዱ አውጥቶ ይጥላል፣ ሌላው ጠበቃ ይቆምለታል። እኔ ጠበቃ ነኝ። ወሰን ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተሬ ትዳሬን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል። ባለቤቴ አልማዝ ግን ይህን ታላቅነቱን አላከበረችለትም። መምህር ናት። የፈተና ወረቀት ስትጽፍበት አንዲት ፊደል ለማውጣት እንኳ ያስባል አለችና፣ እስከ ቅዳሜ ካልተሻለው ለቆራሌው እንደምትሰጠው በእርጋታ ነገረችኝ። በእርጋታ ስትናገር ደግሞ አትመለስም።

የሰርጋችንን መጥሪያ የጻፍኩበትን ዕቃ ከተሰበረ ባልዲ ጋር? ስንት ዓመት ተንከባክቤዋለሁ! የፊት ለፊታችን ጋራዥ አቧራ እንዳይነካው፣ አማቴ የሠሩትን ባለ ወፍራም ገበር ዳንቴል ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሼ ነው ያኖርኩት።

ስለዚህ በሳይንስ ልከራከርለት ተነሣሁ። የኮምፒውተርን ፍጥነት ለክቶ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም አወረድኩ። ሌላውን ሁሉ ዘግቼ ብቻውን ፈተንኩት፤ ሦስት መቶ አመጣ። ቀጥሎ ፍላሽ ሰክቼ ፎቶ እንዲገለብጥ፣ ቫይረስ እንዲፈልግ፣ መሀል ላይ ዘፈን እንዲያጫውት አዘዝኩትና በዚያው ላይ ፈተንኩት። አራት መቶ ሃምሳ! ሦስቴ ደገምኩት፤ ያው ነው። ብቻውን ሲሆን ያዘግማል፣ ሥራ ሲደራረብበት ይሮጣል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

መጀመሪያ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ጠርጥሬ ነበር። ኋላ ግን እውነቱ ተገለጠልኝ፤ የድሮ ዕቃ እንደ ድሮ ሰው ነው፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያመዋል። ይህን ግኝት ለራሴ ብቻ መያዝ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ የኔን የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ላላቸው ለጎረቤታችን ለጋሽ ገመቹ በአጥር ላይ አብራራሁላቸው። ዕድሜ ይስጥህ ብለው መርቀውኝ ሊሞክሩት ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት አልማዝን ወንበር ላይ አስቀምጬ ማሳየት ጀመርኩ። ብቻውን ሦስት መቶ አለ። ቀጥሎ ፍላሹን ልሰካ ዳንቴሉን ወደ ላይ ስገልጥ አስቆመችኝ። ብቻውን ስፈትነውም እገልጠው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምንም የሚሰካ ከሌለ ለምን እገልጠዋለሁ?

ተነሥታ እጇን ከኋላው ሰደደች፤ ትንፋሹ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ዳንቴሉን ገፈፈችው፣ ትንሽ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችና ብቻውን ፈተነችው። አምስት መቶ ሃያ።

«ተማሪው ሰነፍ አይደለም» አለች። «ያፈንከው አንተ ነህ።»

ኮምፒውተሬ ነፃ ወጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ጋሽ ገመቹ በሩን አንኳኩ። እንዳልኳቸው ቤት ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ከፍተውበት፣ ጭራሽ ደርቆ ቀርቷል። አልማዝ ክንዷን አጣምራ መልሴን ትጠብቃለች። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግኝት በአንድ ጠዋት ይሞታል እንዴ?

«ዳንቴል ያለብሱታል?» አልኳቸው።

የለም አሉ።

«እንግዲህ መጀመሪያ እሱን ነው» አልኩና የአማቴን ዳንቴል አጣጥፌ አስታቀፍኳቸው።

ቆራሌው በሰዓቱ መጥቶ ከውጭ ተጣራ። አልማዝ በሩን ከፈተችለት፤ ኮምፒውተሩን ግን ዞር ብላም አላየችው፤ የምታየው እኔን ነበር።