ካሮትና ጥቅል ጎመን በጋሼ አራሚው ችሎት

ሳይጠየቅ የሚፈርድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ ሕንጻ የደረሱን ክቡር የአትክልት ዳኛ ጋሼ አራሚው ናቸው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ስሕተት ሲለቅሙ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ወረቀቱ ቀረ፤ ጎን ለጎን ማስቀመጡ አልቀረም። አሁን የሚያስቀምጡት ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው።

አትክልት ሻጯ ጋ ከፊቴ ከተሰለፉ ቀኔ አለቀ ማለት ነው። «ቆይ ላነጻጽርልህ» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «በቫይታሚን ኤ ጎመኑ ካሮቱ አጠገብ አይደርስም። በቫይታሚን ሲ ግን ጎመኑ እጥፍ ድርብ ያስከነዳዋል።» ሻጯ «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ልመዝን?» ስትላቸው «ገና አልወሰንኩም» ብለው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ አንድ ቀን ስለ ጎመን ሲያስረዱት፣ አንገታቸውን እንዳይቆርጥ ፈርቶ ምላጩን አስቀምጦ ጠብቋቸዋል። እኔማ ኮቴያቸውን ስሰማ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሴን እየዳበስኩ እመለስ ነበር።

ከዚያ እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ዘንድ አረፈች። ሕመሙ ለቀቃት፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ «ካልበላች አቅም አታገኝም» ብሎኛል። ስለምናት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በአምስተኛው ቀን ጋሼ አራሚው ሊጠይቋት መጡ፤ በአንድ እጃቸው ካሮት፣ በሌላው ግማሽ ጥቅል ጎመን ይዘው። የቀረቻትን ነፍስ ሊያወጧት ነው አልኩ በሆዴ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እትዬ፣ ካሮት የሚሉት ነገር ለምንም አይረባም። ቁም ነገሩ ያለው ጎመኑ ጋ ነው።»

እናቴ ዞር አለች። «ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኛ።»

«ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በካሮት ነው። አንዳቸውም መነጽር አላደረጉም።»

እኔ መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

«ወሬ ነው» አሉ ጋሼ ተረጋግተው። «እርስዎ ራስዎ መች ይበሉታል?»

«ቀቅለህ አምጣልኝ» አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን ከሳቸው ሳትነቅል። እየተከራከረች ሁለት ካሮት ጨረሰች።

በማግስቱም መጡ፤ በማግስቱም ተከራከሩ። ካሮት ሲሰለቻት ጋሼ ወገን ቀይረው ጎመኑን ማጣጣል ጀመሩ፤ እሷም እልህ ይዟት ጎመን በላች። በሦስተኛው ሳምንት በራሷ እግር ሄዳ በር ከፈተችላቸው።

የዚያን ቀን ስሸኛቸው ደረጃው ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ካሮት አይረባም ሲሉ እኮ እያወቁ ዋሹ።»

የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። «ባለቤቴ ታማ እህል እምቢ ያለች ጊዜ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የምነግራት ሁሉ ልክ ነበር። አንዱንም አልተሳሳትኩ። ልክ መሆኔ ግን አንዲት ማንኪያ አላስዋጣትም።»

ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል አላውቅበትም።

«ለነገ ቀይ ስር ብናቀርብላትስ?» አልኳቸው።

«ከምን ጋር?»

«እሱን እርስዎ ያስረዱኝ» ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሳቸውም ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።