የወይዘሮ ሙሉመቤት አንዲት ማስጠንቀቂያ

እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አስጠንቃቂ ሰጥቷል። ድኻ ይሁን ሀብታም፣ ከተሜ ይሁን ባላገር፣ ይህ ስጦታ ያልደረሰው ቤት የለም። አስጠንቃቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሙዝ ሲያይ ልጣጩን፣ ደረጃ ሲያይ አወዳደቁን፣ የሠርግ ድንኳን ሲያይ ነፋሱን ያስባል እንጂ።

በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሙሉመቤት ናቸው። እናቷ በአምስት ዓመቷ የሞተችባትን ሩታን ያሳደጓት እኚህ አክስቷ ሲሆኑ፣ ያሳደጓትም በወተትና በማስጠንቀቂያ ነው። «ባጃጅ ውስጥ ከዳር አትቀመጪ።» «ላብሽ ሳይደርቅ ውሃ አትጠጪ።» «አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስትሄጂ ዓሣሽን አቅፈሽ ያዢ፤ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ ሰው አያከብርም።» ሩታ ፒያሳ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት ከተቀጠረች፣ ያቤጽን ካገባችና ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላም ማስጠንቀቂያው አልቀነሰም። የተቀየረ ነገር ቢኖር የተቀባዮቹ ቁጥር ነው።

ባለፈው ጥር የያቤጽ መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ሞምባሳ ላከው፤ ቤተሰቡም በመጨረሻዎቹ ቀናት ተከተለው። ወይዘሮ ሙሉመቤት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ፓስፖርት ያወጡት ለዚህ ጉዞ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሐይቅ ዳር የኖሩ እንደመሆናቸው፣ ልጆች ያለ እርሳቸው ወደ ውሃ የሚሄዱበት ምክንያት አልታያቸውም። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በሩ በሚገባ መዘጋቱን አስተናጋጇን ጠየቁ፤ መልሱ ስላላረካቸው ራሳቸው ሊያዩት ተነሥተው በልመና ተቀመጡ።

ወደ ባሕር በሚወርዱበት የመጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ ሩታ አክስቷን በሆቴሉ በረንዳ ላይ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። የሰባት ዓመቱ ናሆም ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ጆሮውን መድፈን ለምዷል፤ የአምስት ዓመቷ ሀሴት ደግሞ ጥላዋን ሳይቀር መፍራት ጀምራለች። ሩታ የፈለገችው አንድ ቀን ነበር፤ ልጆቿ ሳይፈሩ የሚጫወቱበት፣ እርሷም እንደ ሌሎች እናቶች ዓይኗን የምትከድንበት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ ዛሬ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይንገሯቸው። የመረጡትን። ከዚያ በኋላ ግን ዝም።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ቁርሳቸው እስኪቀዘቅዝ አሰቡ። ካሏቸው ሁሉ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው፣ ልጅን ከልጅ ማበላለጥ ሆነባቸው። በመጨረሻ ግን ቃላቸውን ሰጡ፤ ቃላቸውን ሰጥተው አጥፈው አያውቁም።

የመረጡትም ሦስት ትውልድ ያደገበትን ነው፦ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይለፍ። የሐዋሳ ሐይቅ ጨዋ ሐይቅ ነው፤ ጠዋት የተዉት ቦታ ላይ ማታ ይገኛል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ጥግ ልጁን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያስቆመ ሰው፣ ልጁን ከዳርቻው ጋር አሰረው ማለት ነው። ልጆቹ ትእዛዙን ሦስት ጊዜ ደግመው ወደ ውሃው ሮጡ። ወይዘሮ ሙሉመቤትም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ዝምታው ቀላል አልነበረም። አንድ የማያውቁት ሰው ፍሬ ባንዠረገገ የኮኮናት ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲያዩ የሩታን ክንድ ጨብጠው በአገጫቸው ጠቆሙ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ያቤጽ ይህ ቀን በካላንደር ላይ እንዲከበብ ሐሳብ አቅርቦ፣ የሚጠጣ ነገር ሊገዛ ሄደ። ሩታም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከደነች።

ሐይቅ የማያደርገውን ባሕር ያደርጋል። በቀን ሁለት ጊዜ ከዳርቻው ይሸሻል፤ ሁለት ጊዜም ይመለሳል። ይህን ለእነርሱ የነገራቸው አልነበረም፤ እነርሱም አልጠየቁም። ውሃው አንድ እርምጃ ሲሸሽ ልጆቹ አንድ እርምጃ ተከተሉት፤ ደግሞም ሌላ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ዓይናቸውን አልነቀሉባቸውም። ልጆቹ መራቃቸውን አይተዋል፤ ይሁን እንጂ ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው አላለፈም፤ ትእዛዙም አልተጣሰም። ቃላቸውን ደግሞ ሰጥተዋል። ልጆቹ ከሩቅ ባለ የአሸዋ ጉብታ ላይ ደርሰው ሁለት ነጥብ አከሉ።

ባሕሩ ሲመለስ በፊት ለፊት አልመጣም። በልጆቹና በዳርቻው መካከል ያለውን ዝቅተኛ ቦታ አስቀድሞ ሞላው።

ሩታ የነቃችው አንድ ጀልባ ቀዛፊ በማታውቀው ቋንቋ ሲጮኽ ነው። ምንጣፉ ላይ ማንም የለም። ወይዘሮ ሙሉመቤት ከነጫማቸውና ከነረዥም ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ጉብታው ይራመዳሉ። ዋና አያውቁም። ቀዛፊው ጀልባውን ሲገፋ፣ ሩታም ያቤጽን እየተጣራች ወደ ውሃው ስትሮጥ፣ እርሳቸው ጉብታው ላይ ደርሰው ሀሴትን በነጠላው አዘሏት፤ ናሆምን በብብቱ ይዘው ተመለሱ። ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ጀልባው አገኛቸው።

ሩታና ያቤጽ ልጆቻቸውን በዳርቻው ተቀበሉ። ናሆም ጥርሱ እየተንገጫገጨ አስቀድሞ የተናገረው ራሱን ለመከላከል ነበር። «እኛ አላጠፋንም። ከቁርጭምጭሚት አላለፍንም።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ።

ለእራት ዓሣ ቀረበ። ስለ አጥንቱ ማንም አልተናገረም። ሀሴት ወንበሯን ወደ ኋላ እያዘነበለች ስትወዛወዝም ዝም ተባለ። ሩታ ለአክስቷ ጥፋቱ የእርሷ እንደሆነ፣ አፋቸውን የያዘችው እርሷ መሆኗን ነገረቻቸው።

«አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። «እዚያ ድረስ የወሰዳቸው የእኔ ቃል ነው። ከእንግዲህ የማላውቀውን አልናገርም።»

ሩታ ለዓመታት የተመኘችው ዝምታ ይኸው መጣላት፤ ግን አልተመቻትም። ዓሣውን በጣቶቿ ስትፈለፍል፣ አጥንት መልቀም ጨርሶ እንደማትችል አስተዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ሥጋት የበላችው ሌላ ሰው ስለሚሠጋላት ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ ባልዲያቸውን ይዘው ሲቁነጠነጡ፣ ሩታ አንድ ጫማዋን አውልቃ በሆቴሉ ክፍል በር ላይ ቆመች፤ አልወጣችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ ከአልጋው ጫፍ እንደተቀመጡ።

«እርስዎን። ሳይነግሩን አንወጣም።»

«የዚህን አገር ውሃ አላውቀውም አልኩሽ እኮ።»

«እኛን ግን ያውቁናል። ለዛሬ አንድ ይንገሩን፤ ከፈለጉም ሁለት።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ተነሥተው ገና ያልደረቀውን ጫማቸውን ተጫሙ።

«እንግዲያው ያ ጀልባ ቀዛፊ ይጠራልኝ። ያቤጽ በእንግሊዝኛ ይጠይቅልኝ፤ ባሕሩ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይንገረኝ። እርሱ ሳይናገር ማንም ጫማውን አያወልቅም። አንቺም ጭምር።»

የሠላሳ ስድስት ዓመቷ ፋርማሲስት ሩታ፣ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አጠለቀች።